ወንበር ስለተሰጠው የጎልፍ ዱላ ከረጢት

ለክቡር አቶ ሳላሀዲን
የወልቂጤ ጎልፍ ጀማሪዎች ማኅበር ሊቀመንበር
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? ወገብዎስ? ባለፈው ቅዳሜ በልምምዱ ላይ ኳሷን ስተው አየሩን በመቱ ጊዜ ቀጭ የሚል ድምፅ ስለሰማሁ፣ ከዚያ ወዲህ ስለ ወገብዎ ሳልጸልይ የዋልሁበት ቀን የለም። እኔ፣ ፈጣሪ ይመስገን፣ ከቅናት በቀር የሚያመኝ ነገር የለም።

ይህን ደብዳቤ በአደባባይ የምጽፈው፣ የፊታችን ቅዳሜ ከቡታጅራ ወዲያ፣ ሐይቅ ዳር ወዳለው ውብ የጎልፍ ሜዳ ስለሚደረገው ጉዞ የለጠፉትን ባለማኅተም የስምንት ተጓዦች ዝርዝር ሦስት ጊዜ ከላይ ወደ ታች፣ አንድ ጊዜ ደግሞ ለማንኛውም ብዬ ከታች ወደ ላይ አንብቤ ስሜን ስላጣሁት ነው።

፩ኛ. የጨዋታውን ደንብ አርባ ገጽ ሙሉ ወደ አማርኛ የመለስሁት እኔ ነኝ። ለዚህም በስብሰባ ላይ በሞቀ ጭብጨባ አመስግነውኛል፤ ስሜን መጻፍ ያቃተዎት ያኔ እጅዎ ደክሞ ይሆናል።

፪ኛ. «ቦታ ጠበበ» ተብያለሁ። ሚኒባሱ ለአሥራ ሁለት ሰው የተሠራ ነው፤ የእኛ መስመር ረዳት ቢጠየቅማ አሥራ ስምንት ይለዋል። ሆኖም የዱላው ከረጢት መስኮት አጠገብ የራሱ ወንበር እንደተያዘለት፣ የቀሩትም ለምሳችሁ እንደሆኑ ከሾፌሩ ሰምቻለሁ። ከረጢቱን ሄጄ እንኳን ደስ ያለህ ብዬዋለሁ።

፫ኛ. በቆርቆሮ ነጋዴው በአቶ ሙባሪክ ላይ ቅሬታ የለኝም። ማኅበሩን ከተቀላቀሉ ወር አልሞላቸውም፣ ዱላውንም እንደ ገና ጨዋታ የሰው ቁርጭምጭሚት ላይ ያነጣጥሩታል፤ ነገር ግን ስምንት ነጫጭ ኮፍያ አሰፍተው አምጥተዋል። ኮፍያው ያምራል። ይህን የምለው እያመመኝ ነው።

፬ኛ. ልምምዱን ቸሃ ወርዳችሁ በአንድ መንደር ጀፎረ ላይ ስታደርጉ፣ ሠርግና ለቅሶ የሚውልበት፣ አባቶች እንዳይታረስና እንዳይታጠር በሥርዓት ያቆዩት ያ ሰፊ መስክ እንደማይቆፈር አስታውሼ ነበር። እርስዎ ጀፎረ ላይ ድክድክ ብለው ያደጉ፣ እኔ ደግሞ ከሰሜን በመምህርነት የመጣሁ መሆኔን አውቃለሁ፤ ለድፍረቴ ይቅርታ። አቶ ሙባሪክ ስሜን ጠርተው «ወላሂ ያረጋል፣ አንተ ወረቀትህ ላይ ተጫወት!» አሉኝ፤ እርስዎም ከሁሉ አብልጠው ሳቁ። ስምንታችሁም ተራ በተራ ዘጠኝ ጉድጓድ ቆፈራችሁ። እኔም እንደታዘዝሁት ወረቀቴ ላይ ተጫወትሁ።

ከጉዞው ዝርዝር ውጭ፣ ከአክባሪዎችዎ ዝርዝር ግን ገና ያልተሰረዝሁ፣ ወገብዎን ዘወትር የማስብ፣

ያረጋል
የማኅበሩ ተርጓሚና ዘጠነኛ አባል

ድኅረ ጽሑፍ፦ ማክሰኞ ዕለት ጋሽ አብዶ የተባሉ የዚያ መንደር ሽማግሌ ለቅሶ ሲሄዱ እግራቸው ሦስተኛው ጉድጓድ ውስጥ ገባ፤ አልሐምዱሊላህ፣ ከጫማቸው በቀር የተጎዳ የለም። ሽማግሌዎቹ ተቀምጠው፣ ጀፎረውን የቆፈረ ሁሉ ምትክ ሳይልክ ራሱ መጥቶ ጉድጓዱን እንዲደፍንና ሣሩን መልሶ እንዲተክል ፈረዱ፤ ቀኑም የፊታችን ቅዳሜ ነው፣ ከጧት እስከ ማታ። የቆፋሪዎቹን ስም ማኅበራችን ቢሮ መጥተው ሲጠይቁኝ፣ የእርስዎን ዝርዝር ከነማኅተሙ ከሰሌዳው ነቅዬ ሰጠኋቸው። የእኔ ስም እንደሌለበት እነሱም ከላይ ወደ ታች አንብበው አረጋግጠዋል። የተያዘ ሚኒባስ ባዶውን ከሚሄድ ብዬ፣ ከከረጢቱ ጎን ተቀምጬ እሄዳለሁ። የእርስዎን ኮፍያ ተውሻለሁ፤ ትንሽ ሰፍቶኛል። ስለ ሣር አተካከሉ የሚቸግርዎ ነገር ካለ፣ «ተጫዋች የነቀለውን ሣር ራሱ ወደ ቦታው ይመልስ» የሚለው ደንብ በትርጉሜ ገጽ ሠላሳ አንድ ላይ ይገኛል። ገጾቹ እስካሁን ስላልተገለጡ እንዳይቀደዱብዎ በቀስታ ይክፈቷቸው።