ሁለት ጊዜ የመጡት ሽማግሌዎች

ይድረስ ለእህቴ ለአረጋሽ፤

ሰላምሽ ይብዛ። ጉልበትሽ እንዴት ሆነ? ሐኪሙ ያዘዘልሽን ቅባት ጠዋትና ማታ ትቀቢያለሽ ወይስ እንደ ልማድሽ ሲያምሽ ብቻ? የዲላ ዝናብስ በረታ? እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ፤ ስኳሬም ልኩን ይዟል። ልጄ ኑኃሚንና ልጇ ሲናም ደህና ናቸው።

ባለፈው ቅዳሜ ኑኃሚን ዴንቨር ወስዳኝ ሲና የምትጫወትበትን ሙዚቃዊ ቲያትር አየሁ። ከሰባ ዓመት በፊት የተደረሰ ነው፤ ዘንድሮ እንደገና ለመድረክ በቃ። ታሪኩ ወርቅ ፍለጋ ተራራ ላይ ስለ ሰፈሩ ቆፋሪዎችና ስለ ፍቅራቸው ነው። ሲና ሁለት ጊዜ እርምጃ ስታለች፤ ድምጿ ግን ያንቺው ነው።

በመሃል አንድ ቆፋሪ ኮፍያውን በእጁ ይዞ የወደዳትን ልጅ ከአባቷ ይጠይቃል። አባትየው ጭቃ የጠጣ ጫማውን አይቶ፣ መጀመሪያ እግርህን ታጠብ ይለዋል። አዳራሹ በሳቅ ሞላ። እኔ መሳቅ አቃተኝ። ስንወጣ ሲና በእንግሊዝኛ፣ አባባ ዋናው የሚያስቀው ቦታ ላይ ተኝተህ ነበር እንዴ ብላ ቀለደችብኝ። አልተኛሁም አልኳት። ከዚያ በላይ አልነገርኳትም፤ መጀመሪያ መስማት ያለብሽ አንቺ ነሽ።

አረጋሽ፣ አዶላ ወርቅ ያወጣ የነበረው መልከጼዴቅ ሽማግሌ ልኮ ነበር።

በ1968 ዓ.ም. ለፋሲካ ዕረፍት ይርጋለም አክስታችን ዘንድ ሳለሽ ሦስት ሽማግሌዎች መጡ። ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም ብለው ቆሙ። አባታችን አርፈዋል፤ መልስ ሰጪው እኔ ነበርኩ። ልጁ ስንተኛ ክፍል ደርሷል ብዬ ጠየቅኋቸው። ስምንተኛን ጨርሷል አሉ። እንግዲያው የምስክር ወረቀቱን አምጡ አልኳቸው። ለሽማግሌ እንዲህ አይባልም። ታላቃቸው አቶ ፍቅረሥላሴ፣ መምህር፣ እኛ ልጅ ልንጠይቅ እንጂ ልጅ ልናስመዘግብ አልመጣንም ብለው ሳቁ። በዚያው ይቀራሉ ብዬ ነበር።

በሳምንቱ የምስክር ወረቀቱን በጋዜጣ ጠቅልለው ተመለሱ። ሂሳብ ዘጠና አንድ፤ እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። ማኅተሙን ሳይቀር መረመርኩ። እንከን ባጣ፣ ልጅቷ ለሌላ ታጭታለች ብዬ ሸኘኋቸው። ትምህርቷን እንዳታቋርጥ ብዬ ነው እያልኩ ራሴን ስደልል ኖሬአለሁ። እውነቱ ግን የእህቱ ባል ወርቅ ቆፋሪ ነው መባሉ አሳፍሮኝ ነው።

ስትመለሺ፣ ጋሼ፣ ሽማግሌ መጥቶ ነበር ወይ ብለሽ ጠየቅሽኝ። ደብተር እያረምኩ ነበር። ቀና እንኳ ሳልል፣ ማንም አልመጣም አልኩሽ። ከዚያ ወዲህ ስሙን አንስተሽ አታውቂም። ሳታገቢ ስትቀሪ ዘመድ ሁሉ ኩራተኛ ናት ሲልሽ፣ እኔ እያወቅሁ ዝም አልኩ።

ስልክ ያልደወልኩት ፈርቼ ብቻ አይደለም። በስልክ ቢሆን፣ ተወው ጋሼ፣ ያለፈ ነገር ነው ብለሽ ቶሎ ታሳልፊኛለሽ። ቶሎ እንድታሳልፊኝ አልፈልግም። የመሰለሽን ጻፊልኝ፤ ባትጽፊም ይገባኛል።

አብሮሽ ላለው ለወንድማችን ልጅ ለእንዳልክ፣ ለባለቤቱ ለስምረት፣ ለትንሹ ቅዱስም ሰላምታዬን አድርሺልኝ። ቅዱስ መነጽርሽን ያቀብልሽ እንጂ ይህን ደብዳቤ አያንብብልሽ። ራስሽ አንብቢው። መልከጼዴቅ አንቺን አልረሳም ነበር።

ወንድምሽ ውድነህ
ኦሮራ፣ ኮሎራዶ
ሰኔ 8 ቀን 2017 ዓ.ም.