ስም ያወጣሽላት ልጅ

ጥሩዬ፣ የቤቴ እመቤት፤

ካንቺ ከተለየሁ ሁለተኛው ክረምት ወጣ። እንደምን ነሽ ብዬ ልጠይቅሽ አልችልምና በቀጥታ የቤታችንን ወሬ ልንገርሽ። የጓሮሽን ጌሾ የጎረቤት ፍየል ጨረሰው። ጣሪያው በመኝታ ቤቱ በኩል ማፍሰስ ጀምሯል። ምራታችን ደግሞ ሄደች። አሁን ቤቱ ውስጥ ያለሁት እኔ ብቻ ነኝ። ደክሞኛል፤ እሷን ለመላክ ያልቆምኩበት ደጅ የለም።

ሆስፒታል ተኝተሽ ሳለ እጄን ይዘሽ፣ «ልጅቷን ለባሏ አድርስልኝ። እኔን ስታስታምም ዕድሜዋ አለቀ» ያልሽኝን አልረሳሁም። ልጃችን አስማማው የላቦራቶሪ ሙያ ሊማር ወደ ምዕራብ ጀርመን ሲሄድ፣ ሚስቱን እኛ ዘንድ ትቶ ቶሎ እመለሳለሁ ብሎ ነበር። ትምህርቱ አለቀ፣ ሥራ ያዘ፣ እዚያው ቀረ። ቢመጣ ምን እንደሚጠብቀው ስለምናውቅ እኔም አንቺም ና ብለን አልጻፍንለትም። አንቺን በቀበርን በጥቂት ወራት ደብዳቤው ደረሰ። ሚስቱን እንዲወስድ ማመልከት እንደሚችል ጀርመኖቹ ነግረውታል፤ የጋብቻ ማስረጃዋና ፓስፖርቷ ይዘጋጅ ይላል። እውነቱን ልንገርሽ፣ በአንድ ወር የሚያልቅ መስሎኝ ነበር።

አስማማው እዚያ ላለው መሥሪያ ቤት የሚስቱን ስም ሲያስመዘግብ አየሁሽ ታከለ ብሏል። ሌላ ምን ይበል? ከሠርጉ ቀን ጀምሮ እሱም እኛም ጎረቤቱም የምንጠራት በዚሁ ነው። በትውልድ አገሯ በሳንጃ የተማረችበት ካርድና የቀበሌ መታወቂያዋ ግን ፈንታነሽ ታከለ ይላሉ። ጀርመኖቹ አየሁሽን ይጠብቃሉ፤ ቀበሌው የሚያውቀው ፈንታነሽን ነው። ልጃችን ሁለት ሚስት ያለው ሰው መሰለ። ይህን ያህል ዘመን ለጋዜጣ ዜና ስጽፍ የሰው ስም ሳላጣራ ከጎንደር ወደ አዲስ አበባ ልኬ አላውቅም። ከአንድ ማዕድ የምንበላው ሰው ስም እንዲህ ያስቸግረኛል ብዬ ግን አስቤ አላውቅም።

ያን ጊዜ የሠርጉ ቀን ፊቴ ድቅን አለ። ልጅቷ ነጠላዋን እስከ አገጯ ተከናንባ ከበቅሎ ስትወርድ አንቺ በራችን ላይ ቆመሽ ነበር። ለምራቷ ስም የምታወጣው አማት ናት፤ ምን ብለሽ እንደምትሰይሚያት ግን ለእኔ እንኳ አልነገርሽኝም። ነጠላውን ገለጥ አድርገሽ ብዙ አየሻት። ሰው ሁሉ ሲጠብቅ፣ «አየሁሽ ብያታለሁ» አልሽ። ሴቶቹ እልል ሲሉ፣ የልጅቷ አባት አያ ታከለ ከዳሱ ውስጥ ብድግ ብለው፣ «ምነው! ልጄ ስም አላት እኮ!» ብለው ጮኹ። ፈንታነሽ ያሏት በሞተችባቸው በታላቅ እህቷ ፈንታ ነበርና ስሙን ማንም እንዲነካባቸው አይፈልጉም። አንቺ ግን ሳቅ ብለሽ፣ «እርስዎ ዘንድ ስትመጣ ፈንታነሽ ትሁን፤ እኔ ቤት አየሁሽ ናት» አልሻቸው። ሰውየው ጠጅ አልቀምስም ብለው እስኪመሽ አኮረፉ።

መጀመሪያ ቀበሌ ሄድኩ። ሊቀ መንበሩ ተቀመጥም አላለኝ። «ልጅህ በአብዮቱ ገንዘብ ተምሮ ቀረ። አሁን ደግሞ ሚስቱን አስጊጠን እንላክለት?» አለኝ። በዚህ ዘመን ዝም ማለትን ሁላችንም ተምረናል። ከአንድም የቀበሌ ስብሰባ ሳልቀር፣ ከኋላ ተቀምጬ እያጨበጨብኩ ብዙ ወር ተመላለስኩ። በመጨረሻ የሁለቱን ስም ነገር ፍርድ ቤት ይወስን የሚል ደብዳቤ ጽፎ ሰጠኝ።

ዳኛው ወጣት ነው፤ ሰው ያከብራል። ማመልከቻዬን አንብቦ ስሙን ያወጣችው ሴት ቀርባ ትመስክር አለ። ሞታለች አልኩት። «እንግዲያውስ የሞት ማስረጃ ከቀበሌ ያምጡ፤ ሌላ ምስክርም ይፈልጉ» አለኝ።

ጥሩዬ፣ የሚቀጥለውን ልንገርሽ ወይስ ልተወው ብዬ አስቤበታለሁ። በቀበሌው የቤታችን ማኅደር ውስጥ ስምሽ እንዳለ ነበር። ሰርዙት ያለ የለም፤ እኔም ልል አልሄድኩም። ጸሐፊዋ ማኅደሩን አውርዳ ገለጠችና፣ «እትዬ ጥሩወርቅ እዚህ አሉ እኮ!» አለችኝ። ወዲያው ነገሩ ገብቷት አፏን በእጇ ያዘች። ከስምሽ ጎን ‹ሟች› ብላ ስትጽፍ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ። በቀብርሽ ቀን እንባ እምቢ ብሎኝ ነበር፤ እዚያ የስኳር ወረፋ በሚጠብቅ ሰው ፊት እንዳይመጣብኝ ፈራሁ። ማስረጃው ላይ ማኅተም አርፎበት ተሰጠኝ። እጥፍ አድርጌ ደረት ኪሴ ውስጥ ከተትኩትና እስከ ቤት ድረስ በእጄ ደግፌው ሄድኩ። ለምን እንደደገፍኩት አላውቅም።

ከዚያ ምስክር ፍለጋ ተያያዝኩ። ያን ቀን ከጎንሽ የቆሙት ጎረቤታችን በላይነሽ ነበሩ፤ አሁን መንኩሰው እማሆይ ሆነዋል። ፍርድ ቤት ቀርበው እንዲምሉልኝ ብለምናቸው፣ «ዓለም በቃኝ ብዬ ቆብ ደፍቼ፣ ደግሞ ለጀርመን ልማልልህ? ያየሁትን አይቻለሁ፤ መማል ግን አይሆንልኝም» አሉኝ። ከሚዜዎቹ ገሚሶቹ ጦር ሜዳ ናቸው፤ የቀሩት የት እንደደረሱ አይጠየቅም። በመጨረሻ የቀሩኝ አያ ታከለ ብቻ ሆኑ።

ከሳንጃ ለመውጣት የይለፍ ወረቀት ያስፈልጋል፤ መንገዱም ዛሬ ሲከፈት ነገ ይዘጋል። ሰሊጥ በጫነ ማኪና ከጆንያው በላይ ተቀምጠው፣ አቧራ ለብሰው መጡ። የጠራኋቸው ለምን እንደሆነ ሲሰሙ ፊታቸው ጠቆረ። «የልጄን ስም ነጠቃችሁኝ፤ አሁን ደግሞ ነጠቁኝ ብለህ መስክር ትሉኛላችሁ?» አሉ። ልለምናቸው አቅም አልነበረኝም። ልጅቷ እግራቸውን አጥባ እራት አቀረበችላቸው። ቀና ብለው ሳያዩዋት በሉ። ጠዋት ግን ከእኔ ቀድመው ተነስተው ከዘራቸውን ይዘው በሩ ላይ ሲጠብቁኝ አገኘኋቸው።

ችሎት ፊት ከማሉ በኋላ ዳኛው ጥያቄውን እስኪያቀርብ እንኳ አልታገሡም። «ጌታው፣ የልጄ ስም ፈንታነሽ ነው! ያወጣሁት እኔ ነኝ። አየሁሽ ያለቻት የዚህ ሰውዬ ሚስት ናት። ያ ሁሉ ሰው በተሰበሰበበት፣ እኔ እየጮህኩ፣ ነጠላዋን ገልጣ አየሁሽ አለቻት! እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል!»

ዳኛው ብዕሩን አነሳና፣ ፈንታነሽ የተባለችውም አየሁሽ የተባለችውም ይህችው አንዲት ሴት ናት ወይ ብሎ ጠየቃቸው።

«ታዲያ ሌላ ልጅ ሰጠኋቸው?» ብለው ተቆጡ።

ችሎቱ በሳቅ ሞላ። ዳኛውም አቀርቅሮ ሳቀ። እኔም ካንቺ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቅሁ። የልብ ወዳጅሽ ቢጠራ እንኳ እንደዚያ አጥብቆ አይመሰክርልሽም ነበር።

ውሳኔው በጽሕፈት መኪና ተመትቶ ሲሰጠኝ አንዱን መስመር ደጋግሜ አነበብኩት። ፈንታነሽ ታከለ፣ በጋብቻዋ ዕለት አማቷ ሟች ወይዘሮ ጥሩወርቅ ባወጡላት ስም አየሁሽ እየተባለች የምትጠራ አንዲት ሴት መሆኗ ተረጋግጧል ይላል። ከፍርድ ቤቱ ደጅ ስንወጣ አያ ታከለ ጋቢያቸውን እያስተካከሉ፣ «ጥሩወርቅን ይቅር ብያታለሁ። ሞታም ልጄን ወሰደችብኝ እንጂ» አሉኝ። ይቅር ብለውሻል ጥሩዬ፤ ይህንን እንድታውቂው እፈልጋለሁ። ልጃቸውን ግን ተሳፍረው እስኪሄዱ ድረስ ፈንታነሽ እያሉ ነው የመረቋት።

ከዚያ ወዲያ ያለውን ሁሉ ብዘረዝረው ይሰለችሻል። ማስተርጎም፣ ፓስፖርት ማውጣት፣ ኤምባሲ፣ የመውጫ ቪዛ። አንዱን ስናገኝ የሌላው ጊዜ ያልፋል፤ እንደገና ሀ ብለን እንጀምራለን። ጎንደርና አዲስ አበባ ስመላለስ አውቶቡስ ላይ አረጀሁ። ልጅቷ አንድም ቀን አላማረረችም። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ከአዲስ አበባ ባዶ እጃችንን ስንመለስ፣ «አባባ፣ ይቅርብዎት። እኔም እዚሁ እርስዎን እየጦርኩ እኖራለሁ» አለችኝ። እሺ ልላት ምንም አልቀረኝም ነበር። ብቻዬን መቅረቱን ፈርቼዋለሁ፤ ካንቺ አልደብቅም። ያቺ በሆስፒታል እጄን የያዘች እጅሽ ናት እሺ እንዳልላት የከለከለችኝ።

ሲፈቀድላት ያንቺን ወፍራም ሹራብ ሰጠኋት፤ እዚያ ብርድ ነው ብለሽ ታስቢ የነበርሽው አንቺ ነሽና። አውቶቡስ ተራ ስሸኛት ለብሳው ነበር። በመስኮቱ አንገቷን አውጥታ፣ «አባባ፣ ቁርስዎን እንዳይተዉ። ቡታጋዙን ሳያጠፉ እንዳይወጡ። ጣሪያውን ደግሞ…» ስትል ማኪናው ተነሳ። ስለ ጣሪያው ምን ልትለኝ እንደነበር አልሰማሁም። ትናንት የአስማማው ቴሌግራም ደረሰኝ፤ በሰላም ገብታለች። አደራሽን አድርሻለሁ፤ እረፊ።

በቀበሌው ማኅደር ላይ ያልተሰረዘ የቀረው የእኔ ስም ብቻ ነው። ዛሬ ጠዋት አልጋዬ ላይ ሆኜ እንደለመድኩት «አየሁሽ!» ብዬ ተጣራሁ። አቤት የሚለኝ ሳጣ ነው መሄዷ ትዝ ያለኝ። ነገ ግን መሄዷን እያወቅሁ እጣራለሁ። ጎረቤት ቢሰማ አረጀ ይበለኝ። አንቺ በዚህ በር ላይ ቆመሽ ያወጣሽው ስም፣ እኔ እዚህ ቤት እስካለሁ ድረስ ሳይጠራ አይውልም።

ባልሽ