አቧራው እስኪያርፍ

አባዬ፣ አላህ ማረፊያህን ያስፋልህ። ከተለየኸን ሁለተኛው ክረምት ሊገባ ነው። እኛ ደህና ነን። ዘንድሮ ይህን ቃል ሳልሳቀቅ እጽፈዋለሁ፤ የበልጉ ገብስ ይዟልና።

ቤቱ ብዙም አልተለወጠም። የግቢው በር ዘሟል፤ እንዳንተ አንሥቶ የሚዘጋው ስለሌለ መሬቱን እየጫረ ነው የሚከፈተው። እማዬ ኮትህን ከምስማሩ ላይ አላወረደችም፤ አርብ አርብ አራግፋ መልሳ ትሰቅለዋለች። የጎረቤታችን የዘሀራ ቤት ተዘግቷል። ወደ ሰፈራ ከሄዱ ወዲህ ወሬያቸው ባይሰማም እማዬ ደጃቸውን ትጠርግላቸዋለች። በቀበሌው ስብሰባ ስም ሲጠራ ያንተን ዘለው ወደ እኔ ይመጣሉ። እስካሁን አልለመድኩትም።

ይህን ያስጻፈኝ ግን ለእርዳታ ድርጅቱ ትነዳው የነበረው ላንድሮቨርህ ነው።

ከመጋዘን ሥራዬ ጠርተህ መሪውን ስትሰጠኝ፣ “ሹፌር ሲታመም መኪናው ለምን አብሮ ይተኛል?” ነበር ያልከው። እማዬ “መኪና የምትነዳ ሴት ማን ያገባታል?” ብላ ስትቆጣ፣ “የደረሰባት ያግባት!” ብለህ አሳቅኻት።

ጊዜው ያ ሰባ ሰባት ነበር። የአቀስታን መንገድ ይዘን፣ የእርዳታ እህል ከጫነ መኪና ኋላ እንሄድ ነበር። እኔ በአቧራው ውስጥ የፊተኛው እንዳይጠፋብኝ ፈርቼ ተጣበቅሁበት። “ጥጃ ነሽ እንዴ? ልቀቂው!” አልከኝ። ለቀቅሁት። ቁልቁለቱ ጋ ስንደርስ ደግሞ “አቁሚ” አልከኝ። አቧራው ሲያርፍ ሦስት ሴቶችና አንድ ሽማግሌ መንገዱ መሃል ጎንበስ ብለው አየሁ። ከተቀደደ ጆንያ የተንጠባጠበውን ስንዴ ከአፈሩ እየለዩ ይለቅማሉ። አንዳቸውም ቀና አላሉም። ጥሩንባ ልነፋ ስል እጄን ያዝከኝ። “የፊቱን መኪና ሳይሆን በእኛና በሱ መሃል ያለውን እይ። መሃሉ የሰው ነው” አልከኝና ለቅመው እስኪጨርሱ ጠበቅናቸው።

ከዚያ ብዙም ሳትቆይ ተስቦው ከረሃብተኞቹ መጠለያ ያዘህ፤ ከአልጋም አልተነሣህም።

ባለፈው ሳምንት ጓደኛህ ጋሼ ይመር አጠገቤ ተቀምጠው ፈተኑኝ። እሳቸው ካላሳለፉኝ መኪናህ ለሌላ ሹፌር ይሰጣል፤ እኔም ወደ መጋዘኔ እመለሳለሁ። የያዝነው ያንኑ መንገድ ነበር። ከፊታችን ዘር የጫነ መኪና ይሄዳል። እኔ ወደ ኋላ ቀረሁ።

“ሙሽራ ነው እንዴ የምትሸኚው?” አሉኝ። ርቀቴን ጠበቅሁ።

“ኧረ በነቢ ተጠጊው! በዚህ አካሄድሽ ዘሩ ሳይደርስ ክረምቱ ይገባል።”

መኪናህን ላጣው ነው ብዬ አሰብኩ፤ እግሬ ግን ነዳጁን ለመርገጥ እንቢ አለ። ቁልቁለቱ ጋ ስደርስ ጭራሽ አቆምኩ።

አቧራው አረፈ። መንገዱ ላይ ርግቦች ነበሩ። ከመኪናው የተንጠባጠበውን ይለቅማሉ። ሰው ግን የለም። አባዬ፣ አንድም ሰው አልነበረም።

“ለርግብ ነው እንግዲህ የቆምነው?” ብለው ሳቁ ጋሼ ይመር። ወዲያው ሳቃቸው ተቋረጠ። ያን ዓመት እሳቸውም በዚሁ መንገድ ይነዱ ነበር። የነዚያ ሰዎች ቦታ ላይ ዐይናቸውን ተክለው ቆዩ። ከዚያ ኮፍያቸውን አውልቀው ጭናቸው ላይ አኖሩና፣ “ይብሉ እስቲ” አሉ።

ርግቦቹ እስኪነሡ ጠበቅን።

መካነ ሰላም ተመልሰን ሞተሩን ሳጠፋ፣ ቁልፉን ልሰጣቸው እጄን ዘረጋሁ። ጣቶቼን በላዩ ላይ አጥፈው፣ “አብሽሪ፣ ያንቺው ነው” አሉኝ። እማዬ ስትሰማ መጀመሪያ አለቀሰች፣ ቀጥላም ያንን ቀልድህን ደገመችልኝ።

መሃሉ ዛሬ ባዶ መሆኑን እንድታውቅልኝ ነው የጻፍኩልህ። ባዶም ቢሆን ተጠግቼ አልሞላውም። መሪ እስከያዝኩ ድረስ ያ ቦታ የሰው ነው። እዚያ ቁልቁለት ጋ በደረስኩ ቁጥር እጄን ይዘኸኝ አቧራው እስኪያርፍ እጠብቃለሁ።

ልጅህ ከድጃ