ቀድሞ የበቀለ መንጋጋ

ይድረስ ለእትዬ፤ እንደምን ሰንብተሻል? እኛ ከአንዲት መንጋጋ በስተቀር እጅግ በጣም ደህና ነን።

አንዲት የጥርስ ሐኪም ወደ ትምህርት ቤት መጥታ የመንትዮችሽን አፍ መረመረች። የምትልኪውን ከረሜላ እንደ አንበጣ የሚያወድመው ወንዱ፣ ጥርሱ እብነ በረድ ነው። ቆጥባ የምትበላው ሴቷ ግን የኋላ መንጋጋዋ ተቦርቡሯል። «ይሄ ምን ዓይነት ፍርድ ነው?» ብዬ ተሟገትኩ። ሐኪሟም፣ «ጋሼ፣ የሴቶች ቋሚ መንጋጋ ብዙ ጊዜ ቀድሞ ይበቅላል፤ ቀድሞም ይበላል» አለችኝ። እኔ ደግሞ የወተት ጥርስ መስሎኝ «ይወልቃል፣ ይተካል» እያልኩ ሳጽናናት ከርሜያለሁ።

የሐኪሟ ክሊኒክ የጥርስ መቦርቦሪያ ማሽን ተበላሽቶ መለዋወጫ እየተጠበቀ ነው። እስከዚያ በጨው ውሃ ትጉመጠመጣለች። ጉንጯ ወፈር ብሏል፤ ወንድሟ «ጥሩምባ ነፊ መሰልሽ» ሲላት እንኳ እንደ ልማዷ ጥፊ አላቀመሰችውም። ትናንት ገላዋ ሞቅ ብሎ ነበር፤ ብርድ ልብሱ ስለወፈረ ይሆናል።

ስትደውዪ ከእሷ መልስ አትጠብቂ። አንቺ ብቻ አውሪላት፤ ራሷን ስትነቀንቅ እኔ እነግርሻለሁ።

ጤና ከደጅሽ አይጥፋ፤ ከተረፈሽም ከረሜላውን ተዪውና ጤናውን ላኪልን።

ወንድምሽ