«ኩላሊት ነው» ያልኩበት ድንኳን

ጋሽዬ፣

ነገ ከተለየኸን ዓመት ይሞላል። ጋራዥህን ሌላ ሰው ይዞታል። ሚስትህ እትዬ አልማዝ ነገ ጥቁሯን ታወልቃለች። የሥራ ቱታህን ደጋግማ አጥባዋለች፤ ግሪሱ ግን አልለቀቀም።

እኔ እስካሁን ተቆጥቻለሁ። መጀመሪያ ባንተ። ቁስሉን ሁለት ዓመት ደብቀህ «ኪንታሮት ነው» አልከን። ከጭሮ ወደ አዲስ አበባ ስንሄድ፣ ሚኤሶን አልፈን ቦርደዴ እስክንደርስ በአንድ ጎንህ ተቀምጠህ፣ «ለኪንታሮቴ ለብቻው ትኬት ልቁረጥለት?» ብለህ አሳቅኸኝ። ሐኪሙ የብልት ካንሰር መሆኑን ሲነግርህ «እኔ እኮ የተገረዝኩ ሰው ነኝ» አልከው። ግዝረት በበሽታው የመያዝ ዕድልን ይቀንሳል እንጂ ጨርሶ አያስቀረውም። ይህን እኔ፣ የባዮሎጂ መምህሩ፣ እንኳ አላውቅም ነበር።

ከሞትክ በኋላ ያገኘሁትን ሁሉ አነበብኩ። ገና ከላይ ቆዳው ላይ እያለ ቢደረስበት በቅባት ወይም በሌዘር ይታከማል። ትንሽ ከገፋም የታመመውን ብቻ ቆርጠው ሌላውን ያተርፋሉ። አንተ ስትደርስ የብሽሽትህ እጢዎች አብጠው ነበር። ሙሉ በሙሉ ቆረጡት፣ እጢዎቹን አወጡ፣ ኬሞ የሚሉትን የካንሰር መድኃኒትም ሰጡህ፤ አልሆነም። አሁን ውጭ አገር ሰውነት ራሱ ካንሰሩን እንዲዋጋ የሚያነቃቃ መድኃኒት እየሞከሩ ነው። ያድንህ ነበር አልልም። ገና ሙከራ ነው።

ቀጥሎ የተቆጣሁት በራሴ ነው። ለቅሶ ላይ «ምን ሆኖ ነው?» ላለኝ ሁሉ «ኩላሊት ነው» አልኩ። ክብርህን የጠበቅሁ መስሎኝ ነበር። የሚኤሶው የአጎታችን ልጅ ተሾመ ሦስት ቀን አጠገቤ ተቀምጦ ይህን ሰማ። ያኔ እሱም ቁስሉ ጀምሮት ነበር።

ባለፈው ወር ቤቴ መጥቶ በሩን ዘጋና አሳየኝ። ያንተን እውነት ነገርኩት። «ድንኳኑ ውስጥ ብትነግረኝ በማግስቱ ሐኪም ቤት እሄድ ነበር» አለኝ። በማግስቱ ሐኪም ቤት ወሰድኩት። ግማሹን ቆርጠውለታል። ወደ እጢው አልፎ እንደሆነ ገና ውጤት እየጠበቅን ነው።

ነገ ለሙት ዓመትህ ድንኳን ይጣላል። እትዬ አልማዝን አስፈቅጃታለሁ፤ «ተናገር፣ ከእንግዲህ ምን እንዳይቀርብኝ ነው?» አለችኝ። ሰው በልቶ ሳይነሳ ቆሜ የገደለህን በሽታ በስሙ እጠራዋለሁ። ታፍራለህ፣ አውቃለሁ። ከዚያ ሁሉ ወንድ መሀል ግን አንዱ እንደ ተሾመ ቁስሉን ደብቆ፣ እንዳንተ በአንድ ጎኑ ተቀምጦ ይሆናል።

ጋሽዬ፣ እስካለሁ ድረስ ስምህን ሳነሳ የሞትክበትንም አነሳለሁ። ዳግመኛ ኩላሊት አልልም።

ታናሽህ