የሸክላ ማጫወቻ ድምፅ ማጉያ ሠሪው የአቶ ኡላሃናን ቻኮ የሕይወት ታሪክ፣ ከወንድማቸው ኑዛዜ ጋር

አቶ ኡላሃናን ቻኮ ከአባታቸው ከአቶ ቻኮ ኢቲ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ኤሊያማ እ.ኤ.አ. በ1938 በሕንድ አገር በኬረላ፣ ኮታያም ከተማ ተወለዱ። በደብራችን ትምህርት ቤት ተምረው፣ በኮቺን የራዲዮ ጥገና ከሠለጠኑ በኋላ በ1966 የራሳቸውን ሱቅ ከፈቱ። በ1968 ከወይዘሮ አሌያማ ጋር ጋብቻ ፈጽመው ሁለት ሴት ልጆች አፍርተዋል።

ሥራቸው ለሸክላ ማጫወቻ ድምፅ ማጉያ መሥራት ነበር። ሸክላ ሲቀረጽ ወፍራሙ ድምፅ ይቀነሳል፣ ቀጭኑ ይጎላል፤ ማጉያው ይህንን መልሶ ማስተካከል አለበት። ይህ የሚሆነው በውስጡ የሚበየዱት ትንንሽ የኤሌክትሪክ ዕቃዎች፣ የሬዚስተሩና የካፓሲተሩ ልክ በትክክል ሲመረጥ ነው። ወንድሜ ታዲያ ፋብሪካ የጻፈውን ቁጥር አያምኑም ነበር። እያንዳንዱን ራሳቸው ለክተው፣ እውነተኛውን ልክ በእርሳስ ጽፈውበት፣ ለግራውና ለቀኙ ድምፅ እኩያ እኩያውን ያጣምራሉ። እኛም "ካፓሲተር አጋቢ" እያልን እንቀልድባቸው ነበር።

በ1979 የደብራችን አዳራሽ ማጉያ አዘዘ። ሊመረቅ አንድ ቀን ሲቀረው እሳቸው ለቅሶ ሊደርሱ ወደ አማታቸው ቤት ሄዱና የቀኙን ክፍል እንድጨርስ ለእኔ፣ ለታናሽ ወንድማቸው ለፖተን ተዉልኝ። የተለካው ካፓሲተር የሽቦ እግሩ እጄ ላይ ተቆረጠ። ሌላ መለካት ታከተኝ። ካልተለኩት አንዱን አንሥቼ፣ ላዩ ላይ የተጻፈውን አምኜ በየድኩት። እውነተኛ ልኩ ግን በጣም ያነሰ ነበር።

በምረቃው ዕለት ከሸክላው የሚወጣው መዝሙር በቀኝ በኩል ጆሮ የሚበሳ ጩኸት ሆነ። የኮሚቴው ሰብሳቢ አቶ ኤፔን፣ "አንተ ኡላሃናን፣ መዝሙር ነው ወይስ ድመት ረግጠህ ነው?" ቢሉ አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ። ወንድሜ ክዳኑን ከፍተው የእርሳስ ጽሑፍ የሌለበትን ካፓሲተር አዩ። ቀና ብለው እኔን አዩኝ። ከዚያም፣ "ልኩን የመረጥኩት እኔ ነኝ፤ ጥፋቱ የኔ ነው" አሉ።

ከዚያ በኋላ የሚያዝዛቸው ጠፋ። በ1981 ሱቃቸውን ዘግተው እስከ ጡረታቸው ድረስ በአንድ የጎማ ፋብሪካ ሞተር ሲጠግኑ ኖሩ። ነገሩን አንድ ቀን እንኳ አላነሡብኝም። እኔም አፍሬ ዝም አልኩ፤ እያደር ደግሞ ዝምታዬ ከጥፋቴ ይልቅ አሳፈረኝ።

ባደረባቸው የኩላሊት ሕመም ሲታከሙ ቆይተው እ.ኤ.አ. ጁላይ 9 ቀን 2013 ዐረፉ። በመጨረሻው ሳምንት አልጋቸው አጠገብ ተቀምጬ፣ ከልጅነቴ ጀምሮ እንደምጠራቸው፣ "ኢቻያ፣ ያ ማጉያ..." ብዬ ጀመርኩ። "ተወው ፖተን፣ ይልቅ ውሃ ስጠኝ" አሉኝ። ውሃውን ሰጠኋቸው፤ ነገሬን ግን አልቀጠልኩም።

ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውን፣ አራት የልጅ ልጆቻቸውንና እኔን ትተው ሄደዋል። ጌታ ነፍሳቸውን ከደጋጎቹ ጋር ያሳርፍልን።

ያን ቀን በአዳራሹ የነበራችሁ ሁሉ፣ የሳቃችሁት በማይገባው ሰው ነው። የሚገባው ይህን የሚያነብላችሁ ሰው ነበር።