የጋሽ ግዛው ፔርሙዝ

ለውድ አባቴ ለአቶ ውድነህ፣

ከሁሉ አስቀድሞ ናፍቆት ያዘለው ሰላምታዬ ካሉበት ይድረስዎ። አባባ፣ እንዴት ሰነበቱ? የጦሳ ተራራ ብርድ ጉልበትዎን እንዴት አደረገው? ዓይንዎስ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ፤ ዛሬስ የምሬን ነው። ስድስት ዓመት የተሸከምኩት የዶክትሬት ጽሑፍ ትናንት አለፈልኝ። እፎይ!

ነገሩ እንዲህ ነው። የማጠናው አገሮች ተደራድረው ለምን ሳይስማሙ እንደሚቀሩ ነው። ድሮ በአንድ የድንበር ድርድር በጸሐፊነትና በአስተርጓሚነት የሠሩ፣ አሁን ዴንቨርና ኦሮራ የሚኖሩ ሰባት ሽማግሌዎች አግኝቼ፣ ያኛውን ወገን ምን ያህል ያምኑት እንደነበር ከአንድ እስከ አምስት እንዲሞሉልኝ ፎርም ሰጠኋቸው። ሰባቱም አምስትን ከበቡ። ሰው እንዲህ ከተማመነ ድርድሩን ምን አፈረሰው? ሠንጠረዤን ታቅፌ ቀረሁ።

አንድ ቀን ከመካከላቸው አስተርጓሚ የነበሩትን ጋሽ ግዛውን ወደ ቤታቸው ስሸኝ ኮልፋክስ ጎዳና ላይ መንገዱ ተዘጋጋ። ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይባላል፤ እሳቸውን ግን ያናገራቸው ትራፊክ ነው። የእነዚያን ሻይማ ምን ጨምረውበት ይሆን ብለን አንድ ቀን አልቀመስንም፣ የራሳችንን በፔርሙዝ ይዘን ነበር ድርድሩ የምንገባው አሉኝ። ታዲያ ለምን አምስት ሞሉ ብላቸው፣ «የሰው ስም ፎርም ላይ ላጥፋ እንዴ?» ብለው ተቆጡኝ።

ትናንት ፈታኞቼ በዚሁ ለሁለት ተከፈሉ። አንዱ ፕሮፌሰር፣ ሳይንስ የሚቆጠር ነገር ነው፣ ፔርሙዙ ተረት ነው አሉ። ሌላዋ ቁጥሩን ጥለህ ታሪኩን ብቻ ያዝ አሉኝ። አንዳቸውን ደስ ባሰኝ ሌላኛው እንደሚጥሉኝ ገባኝ። እንደ ምንም ደፍሬ፣ ቁጥሩ ሰዎቹ በአደባባይ ምን ማለት እንደሚወዱ፣ ፔርሙዙ ደግሞ ምን ያደርጉ እንደነበር ነገረኝ አልኩ። መንገድ ሁሉ እኩል ነው ማለቴ አይደለም፤ እያንዳንዱ የት እንደሚያሳስት የሚያሳየኝ ሌላው ነው አልኩ። ፕሮፌሰሩ ሠንጠረዡን እንደገና ገልጠው አዩት። ከዚያ ሠንጠረዡ ይቆይ፣ ፔርሙዙም አጠገቡ ይግባ ብለው ፈረሙ። መኪናዬ ውስጥ ገብቼ አለቀስኩ፤ አልደብቅዎትም።

እዚያው የእርስዎ ነገር መጣብኝ። በደወልኩ ቁጥር «ደህና ነኝ፣ ምንም አልል» ይሉኛል። ይህም አምስት ከአምስት ነው። እህቴ ኮከብ ግን ሳታስበው አመለጣትና ጋዜጣውን የምታነብልዎ እሷ እንደሆነች ነገረችኝ። እንግዲያው ይህንንም የምታነብልዎ እሷ ናት። ኮከብ፣ ይህችን መስመር እንዳትዘያት፦ ዓይን ሐኪም ዘንድ ውሰጃቸው፣ ሐኪሙ ያለውንም ራስሽ ጻፊልኝ።

የእማዬን የዘርፈሽዋልን ጉልበት ስሜያለሁ። ጋሼ ለገሠን ጸሎትዎ ደርሷል በሉልኝ። ኮከብም እያነበበች ስለሆነ ራሷን ሰላም ትበልልኝ። እርስዎ ግን አባባ፣ እውነቱን ይንገሩኝ እንጂ ከአምስት ሁለት ቢሉኝም አልደነግጥም።

ልጅዎ ሊዑል ውድነህ
ኦሮራ፣ ኮሎራዶ
ግንቦት 8 ቀን 2017 ዓ.ም.